ነጭ ዓሣ አንድ ዓሣ አይደለም

የጣና ነገር በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በተነሣ ቍጥር የሚጠራው ስም አንድ ብቻ ነው፤ እምቦጭ። እምቦጭን እንንቀል፥ ለእምቦጭ መኪና ይገዛ፥ ለእምቦጭ ገንዘብ ይዋጣ እንላለን፤ እናጨበጭባለን፤ እንበተናለን። አረሙ ክፉ ጠላት መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ስለ ሐይቁ ውሃ ራሱ፥ በውሃውም ውስጥ ስለሚኖረው ፍጥረት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን የተነጋገርንበት ቀን መኖሩን እንጠራጠራለን። በዛሬው ጽሑፋችን ለማሳሰብ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። እምቦጭ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። በሽታው የውሃው መበላሸት ሲሆን፥ በዚሁ በሽታ ሊጠፋ የተቃረበው ደግሞ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ የዓሣ ወገን ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እናስቀምጣለን። ስለ ጣና የተጻፈው ጥናት በአብዛኛው በዚያ አቈጣጠር የተመዘገበ ስለ ሆነ፥ ከቤተ መጻሕፍት ሄዶ ለማመሳከር የሚፈልግ አንባቢ እንዳይደናገር ብለን ነው።

በሐይቁ ዳር ያለው ገበያ የጣናን ዓሣ በሦስት ስም ይጠራዋል፤ ቆሮሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶና አምባዛ በሌሎችም የአገራችን ሐይቆች ይገኛሉ፤ በሌላም አገር ሞልተዋል። ነጭ ዓሣ ተብሎ በአንድ ስም የሚሸጠው ግን አንድ ሳይሆን 15 የተለያየ ዓሣ ነው። የሳይንስ ሰዎች ላቤዮባርበስ ከሚሉት ነገድ ይቈጠራሉ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ዓመታት አገራችንን በጐበኘ ጊዜ ከነዚሁ መካከል አንዳንዶቹን ለይቶ ስም አውጥቶላቸው ነበር። በ1973 ግን ባኒስተር የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ የምሥራቅ አፍሪካን ትላልቅ ባርበሶች ሲመረምር የጣናዎቹንም ጠቅልሎ ከአንድ ዘር ውስጥ ከተታቸው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሌዮ ናገልከርከ የተባለ የሆላንድ ሰው ከባልደረባው ከሲቢንግ ጋራ በሐይቁ ላይ እየሠራ፥ የራሳቸውን ቅርጽ፥ የአፋቸውን አከፋፈት፥ የሚበሉትንና የሚውሉበትን ስፍራ እየለካ የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን አስረዳ። የዶክተርነት ጽሑፉም በ1997 ታተመ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለስም ክርክር ስንል አይደለም። አንድ ተብሎ የተቈጠረ ነገር ከውስጡ ሲጐድል አይታወቅም። ከ15ቱ ሦስቱ ጨርሰው ቢጠፉ ገበያው ዛሬም ነጭ ዓሣ አለ ብሎ መሸጡን ይቀጥላል፤ በላተኛውም አንዳች የጐደለ ነገር መኖሩን ሳያውቅ እጁን ታጥቦ ይነሣል። ዓሦቹ በላቲን እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። በገበያችን አማርኛ ግን ሁሉም በአንድ ቅርጫት ውስጥ ናቸው። የአማርኛ ክፍልና የሥነ ሕይወት ክፍል ተማሪዎች ተባብረው፥ ከዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ቃል እየሰበሰቡ፥ ለያንዳንዱ የራሱን መጠሪያ ቢያወጡለት ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበልጥ ሥራ ይሆን ነበር። ይህን በቅንፍ እንለፈው።

እነዚህ ዓሦች ምን ያህል ልዩ እንደ ሆኑ ጥቂት እንናገር። የካርፕ ዘመዶች ናቸው። ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የዋጠውን የሚያደቀው በጉሮሮው ውስጥ ባለ አጥንት ነው። ስለዚህም ሌላውን ዓሣ እያሳደዱ መብላት ለዚህ ወገን የሚያስቸግር ኑሮ ነው። በጣና ግን ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በሊታ ሆነው ተገኝተዋል። ከቀሩት ደግሞ ቀንድ አውጣ የሚለቅም አለ፤ ጭቃ የሚፈትሽ አለ፤ በውሃው መካከል የሚንሳፈፈውን ደቂቅ ነፍስ እያጣራ የሚኖርም አለ። ይህ ሁሉ መለያየት የመጣው ሐይቁ ተዘግቶ በመኖሩ ነው። ጣናን የገደበው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴም 40 ሜትር ያህል ስለሚወረወር፥ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። በሐይቁ ውስጥ ከሚገኙት 28 ያህል የዓሣ ዓይነቶች 20 ያህሉ የጣና ብቻ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዚህ ዓይነት የካርፕ ወገን መንጋ ያለው ሌላ አንድ ሐይቅ ነበር። በፊሊፒንስ አገር የሚገኘው ላናዎ ነው። ሄሬ የሚባል አሜሪካዊ በ1924 ዓሦቹን ዘርዝሮ ጽፏቸዋል። ከዚያ በኋላ ከውጭ የመጡ ዓሣ በሊታ ዓሦች ወደ ሐይቁ ተጨመሩ፤ ማጥመዱም ልክ አጣ። በታኅሣሥ 2020 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገቡን ሲያወጣ፥ የላናዎና የመውጫው ወንዝ ብቻ ከሆኑት 17 ዓሦች 15ቱ ጨርሰው እንደ ጠፉ፥ የቀሩት ሁለቱም ምናልባት ጠፍተው ይሆናል ተብሎ እንደሚፈራ አስታወቀ። እንግዲህ ጣና ብቻውን ቀርቷል ማለት ነው። ከጣናዎቹም መካከል በዚሁ መዝገብ አደጋ ላይ ናቸው ተብለው የተጻፉ አሉ።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። ከ15ቱ ቢያንስ 7ቱ የሚራቡት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምቱ ከገባ በኋላ፥ ከሐምሌ መጨረሻ አንሥቶ እስከ ጥቅምት፥ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ጉማራን፥ ርብን፥ መገጭን፥ ግልገል ዓባይንና ገባሮቻቸውን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚፈልጉትም ጠጠር የተነጠፈበት፥ ጥርት ያለና ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ ነው። ዕንቍላሉ በጠጠሩ መካከል ይወድቃል፤ በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውሃም አየር ያመጣለታል። ጫጩቱ ተፈልፍሎ ጥቂት እስኪጠነክር በወንዙ ኵሬ ውስጥ ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

እንግዲህ በነሐሴ ወር ከጉማራ ድልድይ ላይ ቆሞ ቍልቍል የተመለከተ ሰው ምን እንደሚያይ ያውቃል። የሚወርደው ውሃ ሳይሆን አፈር ነው። ዛፉ ከተመነጠረ፥ ገደሉም ከታረሰ በኋላ ዝናቡ የሚያገኘው ባዶ መሬት ነው፤ የደቡብ ጎንደር ተራራ በየዓመቱ ወደ ሐይቁ ይጓዛል። ይህ ደለል ፍሰቱ በረገበበት ስፍራ ሁሉ ይተኛል፤ የጠጠሩንም ቀዳዳ ግድግዳ እንደ መረገ ጭቃ ይደፍነዋል። ዕንቍላሉ ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ይህን ግድያ የሚያየው የለም፤ በሐይቁ ላይ የተንሳፈፈ ሬሳ የለም፤ ጋዜጣም አይጽፈውም። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መረቡ ባዶውን ሲወጣ ብቻ ይታወቃል፤ ያን ጊዜም ዓሣው የት ሄደ ተብሎ ይጠየቃል።

በዚህ ላይ ሰው በእጁ የጨመረው አለ። ከተማው ሲገነባ አሸዋውና ጠጠሩ የሚመጣው ከነዚሁ ወንዞች ነው፤ ዓሣው ዕንቍላሉን የሚጥልበት አልጋ በመኪና ተጭኖ ለቤት መሥሪያ ይሄዳል። በበጋ ደግሞ በየወንዙ ዳር የተደረደረው የውሃ መሳቢያ ሞተር ኵሬውን ያደርቀዋል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በወንዝ ላይ በመበተን ዓሣውን ከነልጁ የሚያሰክርም ሰው አለ። ብርብራ ጥንታዊ ጥበብ ነው ተብሎ ሲመሰገን ሰምተናል። ወንዙ ሙሉ፥ ሰውም ጥቂት በነበረበት ዘመን ጕዳቱ አይታወቅ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ዕንቍላል ያዘለች እናት ዓሣን መግደያ ሆኗል።

ስለ መረቡም ሳንናገር ብናልፍ አድልዎ ይሆንብናል። እስከ 1986 ድረስ በሐይቁ ላይ ያጠምድ የነበረው፥ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዳር ሳይርቅ የሚሠራው ሰው ነበር፤ ከነዚሁም የወይጦ ወገኖቻችን ዋነኞቹ ናቸው። በዚያ ዓመት በውጭ የበጎ አድራጎት ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ብዙ ሰውም እንጀራ አግኝቶበታል። ነገር ግን ዓሣው በነሐሴና በመስከረም በወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ እንደሚገኝ አጥማጁ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በ1991 እና በ1993 መካከል የተለካውን ከ2000 እና ከ2001 ልክ ጋራ ያስተያዩት ደ ግራፍና ባልደረቦቹ፥ በ2004 ባወጡት ጽሑፍ፥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሱ አስታውቀዋል። የግልገሎቹ መጕደል ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆኖ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህል ነው። ይህ ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ነው። ከነዚሁ ተመራማሪዎች ጋራ የሠራው የአገራችን ሰው እሸቴ ደጀን በ2003 ስለ ትናንሾቹ ባርበሶች የጻፈው የዶክተርነት ጽሑፍ አለ፤ ስለ ጣና የሚናገር ተማሪ ሁሉ ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ቆሮሶ ቶሎ ይራባል፤ ልጆቹንም በአፉ ውስጥ ይዞ ያሳድጋል። ነጭ ዓሣ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ፥ ዕድሜውም ረዥም የሆነ ፍጥረት ነው። ስለዚህ ለቆሮሶ የሚበቃው ዕረፍት ለነጭ ዓሣ አይበቃውም። መረቡ ቢቀነስም ጠጠሩ ካልጸዳ፥ ጠጠሩ ቢጸዳም መረቡ በወንዙ አፍ ላይ ከተዘረጋ ውጤቱ አንድ ነው። ስለ ጣና ስንከራከር ገበሬውን ከሳሽ በአንድ ወገን፥ አጥማጁን ከሳሽ በሌላ ወገን እየሆንን ጊዜ የምናጠፋበት ምክንያት ፈጽሞ አይገባንም።

ሐይቁ ራሱ ጥልቀት የለውም። ስፋቱ ከ3000 ስኩየር ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከጥልቁ ስፍራ 14 ሜትር፥ በመካከለኛው 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነፋስ በተነሣ ጊዜ የሥሩ ጭቃ ይናወጣል፤ የገባው ደለል ዐርፎ አይተኛም። አዳኙ ዓሣ የሚያድነው በዐይኑ ስለ ሆነ ውሃው በደፈረሰ መጠን ራቱን ያጣል። ውሃ መደፍረሱ ብቻውን የዓሣ ዘር ሊያጠፋ እንደሚችል በቪክቶሪያ ሐይቅ ታይቷል። በዚያ ያሉ ትናንሽ ዓሦች እንስቶቻቸው ወንዱን የሚለዩት በቀለሙ ነው። ውሃው በደፈረሰበት ስፍራ ቀለሙ ስለማይታይ ዘሮቹ እየተደባለቁ መጥፋታቸውን ዜሃውዘንና ባልደረቦቹ በ1997 አሳይተዋል።

ከአፈሩ ጋራ ፎስፎር ይወርዳል። ከፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ ማዳበሪያው ይጨመርበታል፤ ከከተሞቹም እጣቢው። ባሕር ዳር ለብዙ ዘመን ያደገችው የከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ሳይኖራት ነው። የጎንደርም እጣቢ ወደ መገጭ ይወርዳል። እምቦጭ በ2011 በጣና ላይ መኖሩ በታወቀ ጊዜ በመጀመሪያ የታየው በዚሁ በመገጭ አፍ አካባቢ ነበር። ይህን እንደ አጋጣሚ የሚቈጥር ካለ መብቱ ነው፤ እኛ ግን አንቈጥረውም። ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ከታየ ግን ከ1965 ገደማ ጀምሮ ነው። በአገራችን ውስጥ ይህን ያህል ዘመን የቈየ አረም ጣና ላይ ሲደርስ እንዲያ የተስፋፋው የተዘጋጀ ማዕድ ስላገኘ ነው። በተስማማው ውሃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ ፍሬውም በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይበሰብስ ይቈያል። ማጭድ ይዘን ወጥተን የነቀልንበትን ቀን አንንቀውም፤ በእግራችን ላይ የተጣበቀውን አልቅትም አንረሳውም። ነገር ግን በየዓመቱ ፎስፎር እየመገብን በየዓመቱ መንቀል፥ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

እምቦጭ ከሸፈነው ውሃ ሥር ብርሃን የለም፤ አየሩም ያንሳል። የሚሸፍነውም ጥልቁን ሳይሆን ዳር ዳሩን ነው። ያ ደግሞ ግልገሎቹ የሚያድጉበት ስፍራ ነው። ቀድሞ በዚህ ዳር ላይ የነበረው ደንገል ነበር። ደንገል ደለሉን ይይዛል፥ ፎስፎሩን ይመጣል፥ ለግልገሉ መሸሸጊያ ይሆናል፤ ታንኳም ይሠራበታል። ውሃው በሸሸ ጊዜ ዳሩን እየተከተሉ ማረስ፥ ባሕር ሸሽ የሚባለው፥ ደንገሉን እየገፋ ሄደ። ማጣሪያውን ነቅለን ቆሻሻ በዛ ብለን እንጮኻለን።

ስለ ውሃው መጠንም ጥቂት ቃል። ከ1996 ጀምሮ የሐይቁን መውጫ የሚቈጣጠረው የጨራ ጨራ ግድብ ነው። በ2003 ሐይቁ እጅግ በመቀነሱ የመርከብ ጕዞ እስኪቋረጥ ተደርሶ ነበር። በ2010 የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተከፈተ፤ የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። በቆጋና በርብ ግድብ ተሠርቷል። እኛ መብራት አይብራ፥ መስኖ አይኑር የምንል ሰዎች አይደለንም፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም በኤሌክትሪክ መብራት ነው። ግድብ ሲሠራ ግን ዓሣው በየት ይለፍ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለበት። ወንዙን ዘግቶ ሲያበቃ ዓሣ ጠፋ ብሎ ጥናት ማስጠናት ገንዘብ ማባከን ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከጓደኞቻችን መካከል የሚቃወሙን አሉ፤ ክርክራቸውንም ደጋግመን ሰምተነዋል። ሕዝብ እየተራበ፥ ገበሬው መሬት አጥቶ፥ እናንተ ስለ ዓሣ ታዝናላችሁ ይሉናል። ቃሉ ከልብ የሚወጣ ስለ ሆነ አንቀልድበትም። ነገር ግን ዓሣው ለማን ነው? የሚበላው የሐይቁ ዳር ድኻ ነው፤ የሚሸጠውም እርሱ ነው። በጾም ወራት ዋጋው ሲወጣ ከእርሻ የማይገኘውን ጥሬ ገንዘብ የሚያስገባለት ይኸው ነው። ዓሣ ይጾማል፥ አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። የገደሉ አፈር ታጥቦ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚራበው ከገደሉ ላይ ያለው ገበሬ ነው፤ ዓሣው ሁለተኛ ነው። የሁለቱ ጠላት አንድ ሲሆን አንዱን ከሌላው ጋራ ማጣላት ለማን እንደሚበጅ አይታየንም።

እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። ከዳር ያለውን እርሻ ተው፥ በነሐሴ መረብህን አትዘርጋ ተብሎ የሚታዘዘው ሰው ምን ይብላ? ይህን ሳይመልሱ ሕግ ማውጣት ቀልድ ነው። በ2003 የወጣው ቍጥር 315 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ አለ፤ ስሙ ያማረ ነው። በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቦታል። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው ሰው ሁለቱንም አላነበበም፤ ቢያነብም ልጆቹ በዐዋጅ አይጠግቡም። በመራቢያው ወራት መረቡን ለሚያነሣ አጥማጅ የደንገል ተከላው፥ የእምቦጭ ነቀላው፥ የወንዝ ጥበቃው ሥራ በቀን ክፍያ ይሰጠው። ለነቀላ የሚወጣው ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ፥ ውሃውን ከማንም አብልጦ ለሚያውቀው ሰው ቢከፈል ምን ክፋት አለው? የቆሮሶውን ማጥመድ ደግሞ በዚያው ጊዜ ከወንዞቹ አፍ ርቆ በሐይቁ ላይ ሊቀጥል ይችላል።

ሕዝባችን እንዲህ ያለውን ሥርዓት አይቀበልም የሚል ካለ ዘጌን ይመልከት። በዘጌ ልሳነ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ነው። ክልከላውን የአገሩ ሰው ከአቡነ በትረ ማርያም ጋራ ያያይዘዋል። ሰዉም በቡናውና በፍሬው ሲኖር ጫካው እስከ ሐይቁ አፋፍ ድረስ ቆሟል። ይህን ያስከበረው ፖሊስ ሳይሆን ሰዉ የራሱ አድርጎ የተቀበለው ሕግ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ ዘጌን እንሥራ አንልም፤ አይቻልም። ከወንዝና ከሐይቁ ዳር ጥቂት ሜትር ለደንገል መተው ግን የማይቻል ነገር ነው ሊባል አይገባም።

የተበላሸ ሐይቅ እንደሚድን ማስረጃ አለ። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ የከተሞች ፍሳሽ እየገባበት በአልጌ ተበከለ። በ1955 ክፉውን አልጌ ያገኙት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች፥ ኤድመንድሰንና የቤተ ሙከራው ባልደረቦች ነበሩ። ነገሩን ለሕዝብ ገለጡት። በ1958 ፍሳሹን ለማራቅ ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ ሲጠየቅ በመጀመሪያ አልተቀበለውም፤ በዚያው ዓመት እንደ ገና ቀርቦ አለፈ። ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ በሙሉ ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ፤ ውሃውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራ። በርግጥ የእነርሱ በሽታ በቧንቧ የሚመጣ ስለ ነበር ቧንቧውን ማዞር በቃ። የእኛው ከሺህ ገደል ላይ የሚወርድ ስለ ሆነ ረዥም ሥራ ይጠይቃል። ቢሆንም ከቧንቧ የሚመጣው ክፍል በእኛም ዘንድ አለ።

በአገራችንስ? ሐሮማያ ሐይቅ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ ነበር፤ በስሙ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ ቆሞ ሳለ። ከዚያ በኋላ ውሃው ተመልሷል። በሺህ የሚቈጠር ምሁር ከሐይቅ ዳር መቀመጡ ብቻውን ሐይቁን እንደማያድነው ግን ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ ከራሳችን ግቢ እንጀምር። ከወጥ ቤታችን፥ ከመታጠቢያችንና ከመጸዳጃችን የሚወጣው ውሃ የት እንደሚሄድ ለሚመለከተው ክፍል በማኅበራችን ስም በጽሑፍ ጠይቀናል። የተሰጠን መልስ ጕዳዩ በመታየት ላይ ነው የሚል ነው። በመታየት ላይ ያለው ፍሳሽ ግን በዚያው መካከል መፍሰሱን አላቆመም። ማኅበሩ መልሱ ከነካርታው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አጥብቆ እንዲጠይቅ እናሳስባለን። ስለ ገበሬው ማዳበሪያና ስለ አጥማጁ መረብ ፊታችንን ቀና አድርገን መናገር የምንችለው ከዚያ በኋላ ነው።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለን። የውሃው ጥራት በየጊዜው ይለካል፤ ልኩ ግን ጥናቱን ባዘዘው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የውሃን ጥራት ለመለካት ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳሕን፥ አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ ተቀብቶ፥ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ ከዐይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። ሴኪ የሚባል የኢጣልያ ቄስ በ1865 የጀመረው ዘዴ ነው። በየወሩ፥ ከተመረጡ ስፍራዎች፥ በአንድ ሰዓት ቢለካና ቍጥሩ በዚህ ገጽ ላይ ቢታተም፥ ሁለት ሦስት ዓመት ሲጠራቀም ማንም ባለሥልጣን ውሃው ደኅና ነው ብሎ በአፉ ብቻ ሊያልፈው አይችልም። ከዓሣ ገበያውም ላይ እንዲሁ፥ የተሸጠው ነጭ ዓሣ ከ15ቱ የትኛው እንደ ሆነ እየለዩ የሚመዘግቡ ሁለት የሥነ ሕይወት ተማሪዎች በየሳምንቱ ቢመደቡ እንወዳለን። ለመለየት የሚያስፈልገው ሥዕል በናገልከርከ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበሩ ለእምቦጭ ነቀላ ከሚያዋጣው ገንዘብ ግማሹ በጉማራና በርብ አፍ አካባቢ ለደንገል ተከላ ይዋል፤ ተከላውንም የሚሠሩት በመራቢያው ወራት መረባቸውን የሚያነሡ አጥማጆች ይሁኑ፤ የግቢው ፍሳሽ ጥያቄ በቃለ ጕባኤ ይመዝገብ። የሚቃወም ሰው ተቃውሞውን ጽፎ ቢያመጣ በሚቀጥለው እትም ሳንቈርጥ እናወጣለታለን።

የመጀመሪያው የውሃ ልክ በመጪው ወር ይወሰዳል። ለዚህም አንድ ክብ ቆርቆሮ፥ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ቀለም፥ 15 ሜትር ገመድና ለአንድ ቀን የሚያውሰን ጀልባ ያስፈልገናል። ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያምጣልን።